የባዮሴፍቲ ካቢኔት ሥልጠና፦ አየሩን ሳያሳዩ ማሠልጠን ለምን አይበቃም?

በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ ከተማ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱ ተረጋግጧል። እንዲህ ያለ በሽታ ሲነሣ የታማሚው ደም ላቦራቶሪ ይገባል፤ ቫይረሱ በኬሚካል እስኪገደል ድረስ ያለውን በጣም አደገኛ ደረጃ የሚሠራው ደግሞ ባዮሴፍቲ ካቢኔት (ተላላፊ ናሙና የሚከፈትበት፣ አየር እየሳበና እያጣራ የሚሠራ ሳጥን መሰል መሣሪያ) ፊት የተቀመጠ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ሲገባና ምርመራው ከአዲስ አበባ ወደ ክልሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲሰፋ፣ ካቢኔት ኖሯቸው በማያውቁ ክፍሎች ጭምር መሣሪያው ተተክሏል። የመድኃኒት ተላማጅ ቲቢ ምርመራና የባክቴሪያ ካልቸር (ባክቴሪያን በላቦራቶሪ የማሳደግ) ሥራም ከእነዚሁ ካቢኔቶች አይወጣም። መሣሪያው በርክቷል። መሣሪያው ፊት የሚቀመጠው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የግማሽ ቀን ገለጻ፣ ጥቂት ስላይዶችና አንድ የምስክር ወረቀት ነው።

ይህ አይበቃም። ምክንያቱም ካቢኔቱ ባለሙያውን የሚጠብቀው በግድግዳ ሳይሆን በአየር ነው። አየር ደግሞ አይታይም። ክርናችንን ስናሳርፍ፣ ክንዳችንን ቶሎ ስናወጣ፣ ከኋላችን ሰው ሲያልፍ አየሩ ይሰበራል፤ ሲሰበር ግን ድምፅ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ብዙውን ጊዜ ማንቂያውም አይጮኽም። ስለዚህ ሥልጠናው አየሩን ለዓይን ማሳየትና የሠልጣኙን እጅ መመዘን አለበት። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አየሩ በየት ይሄዳል?

በብዛት የሚታየው ካቢኔት ክላስ 2 ዓይነት ኤ2 የሚባለው ነው። ሞተሩ ሲነሣ የክፍሉን አየር በፊተኛው ክፍት ቦታ በሰከንድ 0.5 ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ይስባል። ይህ አየር በሥራው ላይ አያልፍም፤ ልክ እንደገባ ከፊት ባለው ወንፊት ወደ ታች ይወርዳል፣ ከመሥሪያው ወለል ሥር ያልፍና በጀርባ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ 70 በመቶ ያህሉ ሄፓ በሚባል ጥቃቅን ብናኞችን በሚይዝ ፊልተር ተጣርቶ ንጹሕ ሆኖ በሥራው ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የቀረው 30 በመቶ ገደማ በሌላ ሄፓ ፊልተር ተጣርቶ ይወጣል። የሚወርደው አየር ወለሉ አጠገብ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ወደ ፊተኛው ወንፊት፣ ግማሹ ወደ ኋለኛው።

ከዚህ ውስጥ ሠልጣኙ በአእምሮው ይዞ መውጣት ያለበት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሰውየውንና ናሙናውን የሚለያቸው ከፊተኛው ወንፊት ላይ የሚገናኙት ሁለት የአየር ጅረቶች ብቻ መሆናቸው ነው። ወንፊቱ በወረቀት፣ በመዝገብ ወይም በክንድ ከተሸፈነ መለያው የለም። ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። በሰከንድ 0.5 ሜትር በጣም ቀስ ያለ ነፋስ ነው። ሰው በተለመደው እርምጃ ሲሄድ በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከባለሙያው ጀርባ የሚያልፍ የሥራ ባልደረባ የሚፈጥረው የአየር ግፊት ካቢኔቱ ከሚስበው ሊበረታ ይችላል። የተከፈተ መስኮት፣ የሚወዛወዝ በር፣ የጠረጴዛ ቬንቲሌተር ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። ካቢኔት በር አጠገብ ወይም ከመስኮት ፊት ለፊት ተተክሎ ከተገኘ መጀመሪያ መሠልጠን ያለበት ቦታውን የመረጠው ሰው ነው።

ሠልጣኞች ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ቫይረስ ከ0.3 ማይክሮን ያነሰ ከሆነ ሄፓ ፊልተር እንዴት ይይዘዋል? ፊልተሩ ቢያንስ 99.97 በመቶ የሚይዘው 0.3 ማይክሮን ያላቸውን ብናኞች ነው የሚባለው፣ ለመያዝ በጣም አስቸጋሪው መጠን በዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው። ከዚያ የሚያንሱት ብናኞች በአየር ውስጥ ሲንቀጠቀጡ ከቃጫዎቹ ጋር ይጋጫሉና በተሻለ ይያዛሉ። ፊልተሩ የማይዘው ጋዝና ትነት ነው። ለዚህ ነው ኤ2 ካቢኔት ውስጥ ብዙ አልኮል፣ ክሎሮፎርም ወይም ሌላ ተናኝ ኬሚካል መጠቀም የማይገባው፤ 70 በመቶው አየር ስለሚመለስ ትነቱ ውስጥ ይከማቻል፣ ከኤሌክትሪክ ብልጭታ ጋር ሲገናኝም ይቀጣጠላል።

በመልክ የሚመሳሰሉ መሣሪያዎችም አሉ። የኬሚካል ጭስ ማውጫ ካቢኔት ሰውየውን ከትነት ይጠብቃል፤ ተላላፊውን ተሐዋሲ ግን ሳያጣራ ወደ ውጭ ይለቃል። በአግድም የሚነፍሰው ንጹሕ ጠረጴዛ ደግሞ ከዚያም የከፋ ነው፤ ሚዲያ (ባክቴሪያ የሚያድግበት ምግብ) ለማዘጋጀት የተሠራ ስለሆነ አየሩን በቀጥታ ወደ ሠራተኛው ፊት ይነፋል። የታማሚ ናሙና እዚያ ላይ የሚከፍት ሰው ተሐዋሲውን ወደ ራሱ እያስነፋ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሠልጣኙ ሦስቱን ጎን ለጎን አይቶ አየሩ ወዴት እንደሚሄድ በእጁ እያመለከተ ካላስረዳ ወደ ቀጣዩ ትምህርት ማለፍ የለበትም።

ስህተቱ የሚሠራው የት ነው?

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው ቱቦ ከመከፈቱ በፊት ነው። ካቢኔቱ ከተነሣ በኋላ 5 ደቂቃ ያህል ሳይሠሩበት መቆየት አለበት፤ በውስጡ የነበረው አየር እስኪጣራና ፍሰቱ እስኪረጋ። ቸኩሎ ወዲያው መጀመር የተለመደ ነው። የፊተኛው መስታወት ከተሠመረለት ምልክት በላይ ከፍ ሲል ክፍት ቦታው ይሰፋል፤ ሞተሩ የሚስበው አየር ግን ያው ነውና ፍጥነቱ ይወርዳል። ረጃጅም ባለሙያዎች መስታወቱን ከፍ የሚያደርጉት አንገታቸውን ስለሚያማቸው ነው። መፍትሔው ወንበሩ ነው፤ ብብታቸው ከመስታወቱ የታችኛው ጠርዝ ትይዩ እስኪሆን ድረስ መስተካከል አለበት። ቁመቱ የማይስተካከል ወንበር ያለው ላቦራቶሪ ይህን ስህተት በየቀኑ ያስደግማል።

ቀጥሎ የዕቃ አደራደር ነው። ማንኛውም ዕቃ ከፊተኛው ወንፊት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ኋለኛው ወንፊትም በሳጥንና በቱቦ መደርደሪያ መደፈን የለበትም። ንጹሑ በአንድ ጎን፣ ሥራው መሐል፣ ቆሻሻው በሌላው ጎን ይሆናል፤ እጅ ከንጹሕ ወደ ቆሻሻ ብቻ ይሄዳል። የቆሻሻ ዕቃው ካቢኔቱ ውስጥ መሆኑ ግዴታ ነው። ብዙ ቦታ ግን ቦታ ይቆጥባል ተብሎ ከወንበሩ አጠገብ ወለል ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን ባለሙያው ለእያንዳንዱ የፒፔት ጫፍ ክንዱን አንድ ጊዜ ያወጣል፣ አንድ ጊዜ ያስገባል። በ20 ናሙና ሥራ ይህ በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ የአየሩን መጋረጃ መቅደድ ማለት ነው።

ክንድ ሲገባም ሆነ ሲወጣ ቀጥ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ነው። ከገባ በኋላ አየሩ እንደገና እስኪስተካከል አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ይህች አንድ ደቂቃ ከሁሉም ሕጎች በላይ የምትጣስ ናት፤ ለምን እንደምትጠበቅ ያላየ ሰው ያለ ምክንያት የተጣለበት ትእዛዝ ትመስለዋለች።

ጋዝ የሚነድበት በርነር ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ሎፕ (ባክቴሪያ መውሰጃ ሽቦ) ማቃጠል የባክቴሪዮሎጂ ባለሙያ ከተማሪነቱ ጀምሮ የለመደው ነው፤ ካቢኔት ውስጥ ግን ነበልባሉ የሚወርደውን አየር ወደ ላይ ይገፋል፣ ሙቀቱ የፊልተሩን ማጣበቂያ ይጎዳል፣ አልኮል ካለ ደግሞ እሳት ይነሣል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የፕላስቲክ ሎፕ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቃጠያ ይበቃል። የአልትራቫዮሌት መብራትም ከሚገባው በላይ ይታመንበታል። ጨረሩ የሚገድለው በቀጥታ ያረፈበትን ብቻ ነው፤ አቧራ ሲይዘው ይደክማል፤ አምፖሉ ሰማያዊ ብርሃን እያሳየ የመግደል ኃይሉን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ወለሉን በተገቢው ኬሚካል መጥረግን አይተካም። ሰው ባለበት ሲበራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል።

ስለ ኬሚካሉ ትንሽ እንጨምር፤ እዚህ ላይ ግምት ይበዛል። በረኪና 5 በመቶ ከሆነ፣ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 0.5 በመቶ ይሆናል። ይህ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጃል፤ ያደረ ውህድ ኃይሉን ያጣል። በረኪና የካቢኔቱን ብረት ስለሚበላ ከተጠቀሙበት በኋላ ወለሉ በውሃ መጠረግ አለበት። ለአልኮል ደግሞ 96 በመቶ ከሆነው 73 ሚሊ ሊትር ወስዶ በውሃ 100 ሚሊ ሊትር ማድረስ 70 በመቶ ይሰጣል። ሳይበረዝ ቢቀር ይበረታል የሚለው አስተሳሰብ ስህተት ነው፤ ያለ ውሃ የተሐዋሲውን ፕሮቲን በደንብ አያፈርስም፣ ሥራውን ሳይጨርስም ይተናል።

ሥልጠናው ምን ይምሰል?

አየሩን ለማሳየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የጭስ ቱቦ ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ የዕጣን እንጨት ይበቃል። አልኮሉ ሁሉ ከአካባቢው ይነሣል፤ ካቢኔቱ ሥራ ላይ ይሆናል፤ አሠልጣኙ የሚጨሰውን እንጨት ከክፍቱ ቦታ ውጭ፣ ከመስታወቱ ጠርዝ ሥር እየያዘ ከግራ ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሳል። ጭሱ ያለማመንታት ወደ ውስጥ ገብቶ ወደ ወንፊቱ ሲወርድ ሁሉም ያያል። ከዚያ አንድ ሠልጣኝ ክርኑን ወንፊቱ ላይ ያሳርፋል፤ ሌላው ክንዱን በፍጥነት ይመዝዛል፤ ሦስተኛው ከኋላ ፈጠን ብሎ ያልፋል። ጭሱ ወደ ውጭ ሲመለስና ወደ ፊታቸው ሲመጣ ያዩ ሰዎች ወንፊቱን አትሸፍን የሚለውን ሕግ በቃል ማጥናት አያስፈልጋቸውም። ይህ ማሳያ ለትምህርት ነው እንጂ የካቢኔቱን ብቃት ማረጋገጫ አይደለም፤ ረዥም ጊዜ ማጨስም ፊልተሩን ያለ ጥቅም ያደክመዋል።

ሁለተኛው ልምምድ ብክለትን የሚያሳይ ነው። ከሱቅ የሚገዛ ቶኒክ ውሃ በውስጡ ኪኒን ስላለው፣ በጨለማ የገንዘብ ኖት መፈተሻ ዓይነት መብራት ሲበራበት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ጥቂት ቶኒክ በ50 ሚሊ ሊትር ቱቦዎች ውስጥ ይደረግና፣ አክታ እንደሆነ ተቆጥሮ ሠልጣኙ ሙሉውን የቲቢ ናሙና ዝግጅት ይሠራበታል፤ አክታ ማቅለጫው ኬሚካል ይጨመራል፣ በማንቀጥቀጫ (ቮርቴክስ) ይደባለቃል፣ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ፎስፌት በፈር በሚባል አሲድነትን በሚያረጋጋ ፈሳሽ እስከ 50 ሚሊ ሊትር ይሞላል፣ በሴንትሪፉጅ (በማሽከርከሪያ ማሽን) በ3000 ጂ፣ ማለትም በመሬት ስበት 3000 እጥፍ፣ ለ15 ደቂቃ ይሽከረከራል፣ የላይኛው ፈሳሽ ፀረ ተሐዋሲ ወዳለበት ዕቃ ይደፋል። ሲያልቅ የክፍሉ መብራት ይጠፋና መፈተሻው ይበራል። የካቢኔቱ የራሱ ተሐዋሲ ገዳይ አልትራቫዮሌት መብራት ግን ለዚህ አገልግሎት ፈጽሞ አይውልም። የጓንቱ ጫፍ፣ የጋውኑ እጅጌ፣ የቱቦው ክዳን፣ አንዳንዴም የመነጽሩ እጀታ ላይ ነጠብጣብ ይታያል። ከአሠልጣኙ ተግሣጽ ይልቅ ያ ነጠብጣብ ይበልጥ ያስተምራል።

ይህ ልምምድ ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው ሴንትሪፉጁን ነው። ቱቦዎቹ የሚቀመጡበት ባልዲ ክዳን ሊኖረው ይገባል፤ ክዳኑ የሚከፈተውም ክፍሉ መሐል ሳይሆን ካቢኔቱ ውስጥ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ ነው። ቱቦ ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላልና። ሌላው የሚጋለጠው ጓንት ነው። ሁለት ጓንት ተደርቦ ይለበሳል፤ የላይኛው ካቢኔቱ ውስጥ ወልቆ እዚያው ይጣላል፤ የጋውኑ እጅጌ በጓንቱ ውስጥ ይገባል። በተበከለ ጓንት የበር እጀታ፣ ስልክና መዝገብ የሚነካ ባለሙያ ካቢኔቱ ባይኖረውም ልዩነት የለውም።

ከዚያ በኋላ አደጋ መለማመድ አለ፤ ትልቁ ክፍተት ያለው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታይዋን አንድ የሳርስ ተመራማሪ በቫይረሱ ተይዞ ነበር። የሚሠራበት ላቦራቶሪ ከፍተኛ ጥበቃ ያለው ነበር። ሙሉ በሙሉ ዝግ ከሆነው ካቢኔት ጋር በተያያዘው ክፍል የፈሰሰ ነገር ሲያጸዳ ሥርዓቱን አልጠበቀም፤ ጉዞ ነበረበትና ቸኩሎም ነበር። ዝግ ካቢኔት እንኳ የሚቸኩልን ሰው አላዳነውም። ክላስ 2 ካቢኔት ውስጥ ናሙና ሲፈስ ሞተሩ አይጠፋም። ፈሳሹ በወረቀት ይሸፈናል፤ ፀረ ተሐዋሲው ከዳር ወደ መሐል ይፈስሳል፤ 30 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያ ወረቀቱ ተነሥቶ ግድግዳው፣ ወለሉና ዕቃው ይጠረጋል። ፈሳሹ በወንፊቱ ወርዶ ከሆነ ከወለሉ ሥር ያለው ገንዳም በዚሁ መንገድ መታጠብ አለበት። ይህ ገንዳ መኖሩን የማያውቁ፣ ወለሉ እንደሚነሣ አይተው የማያውቁ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው።

መብራት መጥፋት ለእኛ ልዩ አደጋ ሳይሆን የሳምንት ሥራ ነው፤ ስለዚህ በሥልጠናው ውስጥ አሠልጣኙ ሳያስጠነቅቅ ማብሪያውን ማጥፋት አለበት። መብራት ሲሄድ የአየሩ ጥበቃ በዚያው ቅጽበት ያበቃል። ሠልጣኙ የተከፈተውን ቱቦ ይዘጋል፣ እጁን ቀስ ብሎ ያወጣል፣ መስታወቱን ይዘጋል፣ ጭንብሉን ሳያወልቅ ከክፍሉ ወጥቶ በሩን ይዘጋል። ጄኔሬተሩ በሰከንዶች ቢነሣም አንዳንድ ካቢኔቶች በራሳቸው አይነሡም፤ ቢነሡም 5 ደቂቃው እንደገና ይቆጠራል። ካልቸር የሚሠራ ክፍል ለካቢኔቱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) እና ስታቢላይዘር (የኃይል ማመጣጠኛ) ሊኖረው የሚገባውም ለዚህ ነው፤ የኃይል መዋዠቁ ሞተሩን ቀስ በቀስ ይጎዳል።

ከባለሙያው እጅ ውጭ ያለው

እጁ ምንም ያህል ቢሠለጥን፣ ካቢኔቱ ራሱ ከተበላሸ ዋጋ የለውም። ካቢኔት ሲተከል፣ ከቦታው በተነሣ ቁጥር፣ ፊልተር ሲቀየርና ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መፈተሽ አለበት፤ የሚገባውና የሚወርደው አየር ፍጥነት ይለካል፣ ፊልተሩ ቀዳዳ ይኖረው እንደሆነ ይታያል፣ የጭስ ምርመራ ይደረጋል። ለዚህ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በአፍሪካ ጥቂት መሆናቸው የቆየ ችግር ነው። በከፍታ ቦታዎቻችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በሙቀት የሚሠራው የአየር ፍጥነት መለኪያ የሚለካው በእርግጥ የአየሩን ክብደት ስለሆነ፣ አየሩ በሳሳበት ቦታ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ እውነተኛው ፍጥነት 0.5 ሜትር ሲሆን መለኪያው 0.38 አካባቢ ሊያሳይ ይችላል። ማስተካከያውን የማያውቅ ቴክኒሺያን ጤነኛውን ካቢኔት ተበላሽቷል ይላል፤ ወይም ሞተሩን አስጨንቆ ፍጥነቱን ከሚገባው በላይ ያደርሰዋል። የባዮሜዲካል ባለሙያዎች ሥልጠና ይህን ስሌት ማካተት አለበት።

ባለሙያው ግን ቢያንስ የግፊት ጠቋሚውን በየቀኑ አንብቦ መመዝገብ ይችላል። ቁጥሩ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ሲጨምር ፊልተሩ እየሞላ ነው። በድንገት ሲዘልል ወይም ሲወርድ ደግሞ የተደፈነ ወንፊት፣ ተስቦ የገባ የመጥረጊያ ወረቀት፣ ሞተሩ ወይም የፊልተሩ ዙሪያ ማሸጊያ ይጠረጠራል። መዝገቡ ከሌለ አንዱንም መለየት አይቻልም።

ሥልጠናው የጽዳት ሠራተኞችንም ይመለከታል። ካቢኔቱ በማን፣ በምን እንደሚጸዳ፣ ማብሪያውን ማን እንደሚነካ ሊነገራቸው ይገባል፤ ብዙ ቦታ ማንም አይነግራቸውም። ኃላፊዎችንም እንዲሁ። ኃላፊው ሊያውቅ ከሚገባው አንዱ ሥራው ሁሉ ካቢኔት እንደማይፈልግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የቲቢ ላቦራቶሪ ደኅንነት መመሪያ መሠረት የአክታ ስሚር (በማይክሮስኮፕ የሚታይ) እና የጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ዘረመል በማሽን የሚለይ) ምርመራ ጥሩ የአየር ዝውውር ባለበት ክፍል በተለመደው ጠረጴዛ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ካልቸርና የመድኃኒት ተጋላጭነት ምርመራ ግን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የድርጅቱ ባዮሴፍቲ መመሪያ አራተኛ ዕትምም ጥበቃው በሥራው አደጋ ልክ እንዲሆን ያዛል። ጥገና የማያገኝ ካቢኔት በጤና ጣቢያ ከማስቀመጥ መስኮት የሚከፈትበት ክፍል ማዘጋጀት ይሻላል፤ የተበላሸ ካቢኔት ሠራተኛውን የተጠበቀ ስለሚያስመስለው ከጠረጴዛው የባሰ ነው።

የምስክር ወረቀቱ ጉዳይ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ መምጣትም ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። ገለጻው፣ ጭሱና ቶኒኩ ካለፈ በኋላ ሠልጣኙ ልምድ ባለው ሰው ዓይን ሥር በተለመደው የሥራ ቀን በእውነተኛው ካቢኔት ላይ ይሠራል። መዛኙ አይናገርም፤ 5 ደቂቃው ተጠበቀ ወይ፣ አንዷስ ደቂቃ፣ ወንፊቱ ነጻ ነው ወይ፣ ክንዱ ስንት ጊዜ ወጣ፣ የላይኛው ጓንት የት ወለቀ፣ የማንቂያ ድምፅ ሲነሣ ሥራው ቆመ ወይስ ድምፁ ታፈነ የሚለውን ብቻ ይጽፋል። ከስድስት ወር በኋላ ያው ዝርዝር ሳይነገር ይደገማል፤ ከዚያም በየዓመቱ። ያላለፈ ወደ ቶኒኩ ይመለሳል፣ ናሙናውን ሌላ ሰው ይሠራል። ማንቂያ ሲጮኽ ሥራውን የማቆም ሥልጣን ደግሞ በጽሑፍ ለባለሙያው መሰጠት አለበት፤ ውጤት የሚጠብቀው ክፍል ስልክ ሲደውል መልስ የሚሰጠው ኃላፊው እንጂ እሱ እንዳይሆን።